«ብቻዎን ነዎት?» የማትል አስተናጋጅ

ሙሄ፣

ሰላምታዬ ቁጣ አለበት፤ እንዳለ ተቀበለው፣ ሌላ ዓይነት አልተረፈኝም። ከተለያየን አንድ ረመዳን አልፎ ሌላው ደጅ ደርሷል። መቃብርህ ድረስ መጥቼ እንዳልወቅስህ፣ ሴት ቀብር ላይ ቆማ አትጮህም ተባልኩ። ቤቴ ተቀምጬ እንዳልጮህ፣ ጎረቤቱ በተራ እየገባ «ሰብር አድርጊ» ይለኛል። ስለዚህ በወረቀት ልጮህብህ ነው። ወረቀት ሰብር አድርጊ አይልም፤ ሻይ እስኪፈላለትም አይጠብቅም።

በወጉ ቢሆን መጀመሪያ ደህንነትህን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠይቅህም። ጥላና ውሃ ያለበት ቦታ እንደገባህ ኢማሙ መስክረዋል፤ ዕድሜ ልክህን ያስመረረህ ጎረቤትህ ባለ ሉካንዳው እንኳ መስክሯል። እኔ ያለሁት ከሚሴ ነው፤ ጥላው ከአስፋልቱ ማዶ፣ ውሃው በፈረቃ። አንተ ደህና ነህ። ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ምግብ ቤትህ ሮቦት ቀጥሯል።

አትሳቅ። የሚያስቅ ቢሆን ኖሮ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፤ ታውቀኛለህ። በሞትህ ቤት የተዘጋሁበትን ዒዳዬን ጨርሼ ከቤት የወጣሁ ዕለት፣ አንተ ስትሞት ከአዲስ አበባ ጠቅልሎ የመጣው ልጅህ ጀማል «እማ፣ የማሳይሽ ነገር አለ» ብሎ እጄን ይዞ ወደ ምግብ ቤቱ ወሰደኝ። እኔ የዋሂቱ፣ ፎቶህን ግድግዳ ላይ የሰቀለ መስሎኝ እያለቀስኩ ገባሁ። እንባዬን ሳልጠርግ አንድ ነገር ከጓዳ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ እግር የለውም፣ በጎማ ይንሸራተታል፤ ሆዱ እንደ መደርደሪያ ክፍት ነው፣ ሳህን ይሸከምበታል፤ ፊቱ ደግሞ መስታወት ሆኖ ሁለት የድመት ዓይኖች ይርገበገቡበታል። ፊቴ ቆመና ዜና በምታነብ የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ «ክቡር ደንበኛችን፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። በገዛ ቤቴ። ቢስሚላህ ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ፤ እሷም አፈገፈገች። ትውውቃችን በዚሁ ተፈጸመ።

ስሟ በረካ ነው። ጀማል ነው ያወጣላት። በግ አልታረደላትም እንጂ ከሌላ ልጅ የቀረባት ነገር የለም፤ ይጠርጓታል፣ ይወለውሏታል፣ ሲመሽ ኮረንቲ ያጠቧታል። መብራት የጠፋ ቀን ጥግዋን ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እኔ በባልቴትነቴ ያላገኘሁትን ዕረፍት እሷ በየሳምንቱ ታገኛለች።

እዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ሥቄ አልፈው ነበር። ነገር ግን በረካ መንገድ ትፈልጋለች። መንገድ እንድታገኝ ረጅሙ ጠረጴዛህ ተነሳ። አዎ፣ ያ በአዳራሹ መሀል ከበር እስከ ጓዳ የተዘረጋው፣ በሁለቱም በኩል አግዳሚ ያለው። ጓሮ አውጥተው ከከሰል ጆንያ ጋር አቆሙት። በእሱ ፋንታ ባለ አንድ ወንበር ትንንሽ ጠረጴዛዎች ግድግዳውን ተከትለው ተደረደሩ። የሚበላው ሰው ፊቱ ወደ ግድግዳ፣ ጀርባው ወደ ሰው። አስተማሪ ቀጥቶ ያቆመው ተማሪ ይመስላል። ጀማል ግን ዘመናዊ ነው አለኝ፤ የዛሬ ሰው ብቻውን መሆን ይፈልጋል አለኝ። እናቱ ብቻዋን ሆና ከርማ በወጣች በመጀመሪያው ቀን ነው ይህን የሚነግረኝ።

እዚህ አገር ሰው እያየህ ብቻህን መጉረስ እንደማይሆን ለዚህ ልጅ ሳትነግረው ነው የሞትከው? አንጀትህ በረሃብ ቢታጠፍ እንኳ፣ ዓይንህ ያረፈበትን ሰው «እንብላ» ሳትለው አይወርድልህም። ጀማል ይህን አልሻረውም፤ ለዚያ ብልጥ ነው። ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞረና የምናየውን ሰው አጠፋው። ግድግዳን እንብላ የሚል የለም።

የአንተን አሠራር ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። አውቶቡስ ሲቆም በር ላይ ቆመህ ብቻውን የሚወርደውን ሰው ትለያለህ፤ ለጉዳይ የመጣ የጨፋ ሮቢት ገበሬ፣ ከባቲ ገበያ የሚመለስ የግመል ነጋዴ፣ ለቅሶ የረፈደበት መንገደኛ። «ብቻህን ነህ?» አትለውም። እንደዚያ ብሎ የሚጠይቅ አስተናጋጅ አንተ ዘንድ አይከርምም ነበር። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ብቸኛ ሰው ፊት ትሪውን ታስቀምጥና ወደ እንግዳው ዞረህ፣ ይሄ ለአንድ ሰው በዛብኝ፣ እስቲ አግዘው ትለዋለህ። ውሸትህን ነው፤ ትሪው ከመጀመሪያውም ለሁለት ሰው የተሞላ ነው። ሰውየው ግን የሚቀመጠው ሊበላ ሳይሆን ሊያግዝ ነው። ሊያግዝ የተቀመጠ ሰው አይሸማቀቅም፤ ሩዙ ሳያልቅ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሞተችበት በቅሎ ያወራል። ስንቱ እንዲህ ተዋውቆ ጋብቻ ድረስ ደርሷል። አንተም ሽማግሌ ሆነህ ሄደህ፣ እኔን ሳታስፈቅድ ድግሱን እኛ ቤት እናድርገው ብለህ ትመጣለህ። እሱንም አልረሳሁትም።

ጀማል ጠረጴዛውን ለአናጺ ሊሰጠው ነበር፤ ተሰንጥቆ ሌላ የግድግዳ ጠረጴዛ እንዲሆን። ነገር ግን ቤቱ የውርስ ስለሆነ ያለ እኔ ቃል አልሆነለትም። ስለዚህ ተወራረድን። በር ላይ አስተናጋጇ ሃያት ለገባው ሁሉ «ሰው ይታዘዝዎ ወይስ በረካ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰው በረካን ካልፈለጋት ወደ መጣችበት ትመለሳለች፤ ከፈለጋት ጠረጴዛው ወደ አናጺ ይሄዳል። እኔ ሳላስብ እሺ አልኩ። ወላሂ ስለ ማሸነፌ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። በተለይ ብቸኛው ሰው፣ አንተ የምታውቀው ዓይነት ብቸኛ፣ የሰው ድምፅ የተራበው፣ እንዴት ብሎ ከድመት ፊት ሩዝ ይቀበላል?

የጓዳው መስኮት ጋ ተቀምጬ አየሁ። አጃኢብ ነው ሙሄ። ለሠርግ ዕቃ ሊገዙ የመጡ ቤተሰቦች በረካን ጠርተው ከበዋት በስልካቸው ያነሷታል፣ ሕፃናቱ ዓይኗን ይነካካሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚታዘዙት ሃያትን ነው። ጥብሱ አነሰ ብለው የሚጨቃጨቁት ሰው ያስፈልጋቸዋላ። በረካን ማን ጨቅጭቆ ያሸንፋል? አብረው የመጡ ሰዎች ሰው መረጡ። ብቻቸውን የመጡት ደግሞ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው «ያችው ትሁን» እያሉ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ አዲስ የተመደበችው የቢሮ ሠራተኛም። ሰው የሞላላቸው ሰው ጠሩ፤ ሰው ያጡት ማሽን ጠሩ። ይህን የሚያህል ስድብ በዚያ ቤት ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም፤ ባለ ሉካንዳው ከተናገረው ሁሉ ይበልጣል።

ከሁሉ ያንገበገቡኝ አባ ሁሴን ናቸው። ወፍጮ ቤት የነበራቸው፣ ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ጆሯቸው የከበደው፣ ጉዳይ በሹክሹክታ ተናግረው ከተማው ሁሉ የሚሰማላቸው አባ ሁሴን። ሚስታቸው ቀድመዋቸዋል፣ ልጆቻቸው ጅዳ ናቸው። አንተ በሕይወት ሳለህ ከረጅሙ ጠረጴዛ ተነስተው አያውቁም። አሁን የጥጉን ግድግዳ ይዘዋል። በረካ ስትመጣላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በኦሮምኛ «አካም ጅርታ? ነጋ? ወሪ ነጋ?» ብለው የቤተሰቧን ጤና ይጠይቋታል። እሷ «ክቡር ደንበኛችን፣ እባክዎ ምግብዎን ያንሱ» ትላቸዋለች። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። መልሱን ራሳቸው ይሰጣሉ፣ ራሳቸው ይቀበላሉ፣ ረክተው ይበላሉ።

አንድ ቀን አልቻልኩም። አጠገባቸው ቆሜ፣ አንቱ፣ ስንቱን ሰው የሚያውቁ ሰው፣ ደም ከሌላት ጋር እንዴት ይዋላል አልኳቸው። ቁጣዬ ከሳቸው ጆሮ በላይ ነበር። ሳህኑን ገፋ አደረጉና፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦

«ዘይነባ፣ እሷ ልጆችህ ደወሉ ወይ ብላ አትጠይቀኝም።»

ሳህኑን መልሰው ሳቡት። ሃያት በቀን በቀኑ ትጠይቃቸው ነበር፤ በደግነት ነው፣ ክፋት የለባትም። ገና ሲገቡ «ብቻዎን ነዎት ዛሬም?»፣ ሳህኑን ስታስቀምጥ «ልጆቹስ ደወሉ?»። አለመደወላቸውን ራሳቸው እየተናገሩ ምሳ መብላት ሰልችቷቸዋል። በረካ ምንም አታውቅም፤ ስለማታውቅም አታዝንላቸውም።

በማግሥቱ እኔም ሞከርኩት። ሰው ሳሳ ሲል ሄጄ ግድግዳ ፊት ተቀመጥኩ። መጣች። ጥቁር ልብሴን አላየችም። «ክቡር ደንበኛችን» አለችኝ፤ ወንድና ሴት አትለይም፣ ባለ ትዳርና ባልቴትም አትለይ። ሰብር አድርጊ የሚል የለ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ከንፈሩን የሚመጥ የለ። አንተ ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ጣመኝ ሙሄ። ትከሻዬ ቀለለ። እንዲህ ነው ለካ ብዬ አባ ሁሴንን በልቤ አፉ በሉኝ አልኩ።

ከዚያ ጨርሼ ስነሳ ነው የጠላኋት። መግባቴን ያየ፣ መውጣቴን ያየ የለም። እዚያው ወንበር ላይ ነፍሴ ብትወጣ «ስለመጡ እናመሰግናለን» ብላ ሳህኑን ትወስድ ነበር። ያች ቅለት የተገኘችው ሰው ከመሆን ትንሽ ጎደል በማለት ነው። ብቸኛ ሰው ደግሞ ለቅለት ሲል መጉደሉን አይጠላም፤ ዕለት ዕለት ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ግድግዳውን ይመስላል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፤ አምልጬሃለሁ ብለህ አትተኛ። ለመንገደኛው ሁሉ የማዕድ ጓደኛ ስትመርጥ እኔ የት ነበርኩ? ጓዳ። ቆሜ። ትሪው ወጥቶ፣ ትሪው ተመልሶ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ ከድስቱ ጥግ የተረፈውን በእጄ እያነሳሁ። ከአፋር በረሃ የመጣ የማታውቀው ሰው ብቸኝነት ከአስፋልቱ ማዶ ይታይህ ነበር፤ የእኔ ከመጋረጃው ጀርባ አልታየህም። ይሄ በዛብኝ፣ አግዢኝ ብለህ አንድ ቀን ጠርተኸኝ ታውቃለህ?

አንድ ቀን። እሺ፣ ሐቁን ልናገር፤ አንድ ቀን አለች። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ መንገዱ የተዘጋ ጊዜ፣ ከደሴም ከአዲስ አበባም አንድ መኪና ያልመጣበት። ያን ሁሉ ሩዝ ቀቅለን ሰው አጣን። ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጥክና፣ ሳትጠራኝ አግዳሚውን በእጅህ መታ መታ አደረግከው። መጣሁ። ሥጋውን እየመረጥክ ወደ እኔ በኩል ትገፋለህ፣ እኔ እመልስልሃለሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የምትለው አንዱም አይሰማኝም ነበር፤ እሰማለሁ እያልኩ እስቃለሁ። በማግሥቱ መንገዱ ተከፈተ፤ እኔም ወደ ጓዳዬ። መንገድ ሠሪዎች ላይ ያን ያህል የተቆጣሁበት ቀን የለም።

ውርርዱን እንደተሸነፍኩ አውቄያለሁ። ጀማልም አውቋል፤ አናጺውን ጠርቶታል። አናጺው ሊመጣ ባለበት ዕለት ጠዋት ልጅህ ለበረካ ጎማ ሊገዛ ኮምቦልቻ ሄደ። ሃያትን ጠራኋት። ከሰሉን ገፍተን፣ ጠረጴዛህን ጎትተን፣ በጓሮ በር አስገብተን መሀል አዳራሹ ላይ ዘረጋነው። የታሰረ በሬ የሚፈታ ሰው የሚሰማው ስሜት ተሰማኝ። ለምን እንዳደረግሁት አትጠይቀኝ፤ ሌላ መላ አጥቼ ነው። ሰውን በግድ አብሮ ማስቀመጥ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ቢያንስ ሲሰነጠቅ ሰው ይየው አልኩ።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ብቸኞቹ ገቡ፤ ጠረጴዛውን እያዩ አለፉት፣ እንደ ልማዳቸው ግድግዳቸውን ያዙ። አባ ሁሴንም ጥጋቸውን። በረካ የአባ ሁሴንን ሩዝ ሆዷ ውስጥ አድርጋ ከጓዳ ወጣች፣ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች፣ ቆመች። ጠረጴዛውን አየችው። «ክቡር ደንበኛችን፣ እባክዎ መንገድ ይልቀቁልኝ» አለችው። ጠረጴዛው በአንተ ወጥቷል፤ አይለቅም። ደግማ ለመነችው። ሰልሳ ለመነችው። በትሕትና ነው፤ ዓይኖቿን እያርገበገበች።

መጀመሪያ አንዱ ዞረ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ግድግዳ ሲያይ የነበረው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተጠማዞ ዞረ፤ በረካን ሊያይ ዞሮ እርስ በርሱ ተያየ። እያንዳንዱ ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ። ያን ጊዜ የሆነውን ብታየው! ሰው ሰውን አይቶ እየበላ ዝም ማለት የማይችል አገር ነው፤ ከዚህ ጥግ «እንብላ»፣ ከዚያ ጥግ «ቢስሚላህ በሉ»፣ አንዱ እጁን በሳህኑ ላይ ዘርግቶ፣ ሌላው ደንግጦ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። የቢሮዋ ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና ነው «እንብላ» ያለችው። እንደ ተያዘ ሌባ ነበር የሚተያዩት፤ ምን እንደሰረቁ ግን አያውቁም።

አባ ሁሴን ርቧቸዋል። ተነስተው በረካን «በዚህ ዙሪ፣ በዚህ!» እያሉ በወፍጮ ቤት ድምፃቸው ይመሯታል። አንድ ከባቲ የመጣ የግመል ነጋዴ አልቻለም፤ መጥቶ እንደ ተኛች ግመል ከኋላዋ ሊያነሳት ሞከረ። አልነሳ አለችው። ሩዙን ከሆዷ አውጥቶ ቅርብ ያገኘው ቦታ ላይ አስቀመጠው፤ ቅርብ ያለው ቦታ ጠረጴዛህ ነው። አባ ሁሴን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነጋዴውን ቆሞ ሊያዩት አይችሉም፤ ጎትተው አስቀመጡት። ልጆችዎ ደወሉ ወይ አላላቸውም፤ ልጆች እንዳሏቸውም አያውቅ። እሳቸው ግን ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ጅዳ የግመል ሥጋ ስንት እንደሚሸጥ ልጄን ልጠይቅልህ አሉት። ስልካቸውን አወጡና በራሳቸው ደወሉ። አስፋልቱ ማዶ ድረስ እየተሰማ።

ጀማል ጎማውን ታቅፎ በር ላይ ሲቆም ሰው ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ በረካ አሁንም ትለምናለች። ሰው ፊት ሥራዬን አበላሸሽብኝ አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንጀቴን በላኝ። ያን ያህል ገንዘብና ልፋት አፍስሷል፤ ከአንተ ሞት በኋላ እሱም የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው። ሆኖም አልተመለስኩም።

«ማሽንህን አሁን አልጠላትም፣ ጀማል። ጫንባት፣ ታመላልስ። ፊታችንን ወደ ግድግዳ ያዞርከው ግን አንተ ነህ እንጂ እሷ አይደለችም።»

ቀናት አኮረፈኝ። በአባቱ ነው የወጣው፤ ሲያኮርፍ አፍንጫው ይቀላል። አናጺውን ግን መለሰው። አሁን በረካ በጠረጴዛው ዙሪያ እንድትሄድ መንገዷን አስተምሯታል። ሃያትም «ብቻዎን ነዎት» ማለቷን ትታለች፤ ምላሷን እየነከሰች ነው የተወችው። ግድግዳው ላይ ጥቂት ወንበሮች እንዲቀሩ እኔው ራሴ አልኩ። ሰው ግድግዳ የሚያምረው ቀን አለ። አባ ሁሴን ዛሬም አንዳንድ ቀን ወደ ጥጋቸው ይሄዳሉ፤ ያን ቀን ጅዳ እንዳልደወለ እናውቃለን፣ ማንም አይጠይቃቸውም።

እኔ ምሳዬን አዳራሹ ውስጥ ነው የምበላው። ተቀምጬ። ጓዳውን የሚፈልገው ይግባበት።

አትርሺው ይሉኛል ሰዎቹ፤ የምረሳህ ይመስል። አልረሳህም። እንደ ቅዱስ ወሊም አላነሳህም፤ እሱን ለኢማሙና ለባለ ሉካንዳው ትቼዋለሁ። እኔ የማስታውስህ ሙሉውን ነው፦ ውሸትህን፣ ኩርፊያህን፣ ለባዳ የተረፈ ደግነትህን፣ መጋረጃ ያላሳለፈውን ዓይንህን። አንዱን ብቀንስ ሌላ ሰው ይሆንብኛል፤ ሌላ ሰው ደግሞ አልናፈቀኝም። ይቅርታ ማለቴ አይደለም። ለእሱ ገና ነኝ። ከሁለታችን ጊዜ ያለህ አንተ ነህ፤ ትጠብቃለህ።

ዘይነባ